ኤድዊን አርምስትሮንግና የጠራው ድምፅ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ታላቅ ስብሰባ ሊጀመር ነው እንበል። ተናጋሪው በእጁ የያዘው ማይክሮፎን ገመድ የለውም። ከመድረኩ ወደ ሕዝቡ ቢወርድ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ቢመላለስ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። በመድረኩ ጎን በቆመች ጠረጴዛ ላይ ሁለት አጫጭር አንቴናዎች ያሉት፣ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ እምብዛም የማይበልጥ ሣጥን ተቀምጧል። ይህ ሣጥን የገመድ አልባው ማይክሮፎን መቀበያ ነው። ሥራውም ከማይክሮፎኑ የሚወጣውን የራዲዮ ሞገድ ከአየር ላይ ለቅሞ፣ በሞገዱ የተሸከመውን ድምፅ አውጥቶ ለድምፅ ማጉያው ማስረከብ ነው። ማይክሮፎኑ የሚያሰራጨው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ቢሆን ነው። ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚፈጀው ኃይል ከሺህ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ይህን ያህል ደካማ የሆነ ሞገድ፣ አየሩ በልዩ ልዩ ማሰራጫዎችና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሞገድ ተጨናንቆ ሳለ፣ ሳይጠፋና ሳይበላሽ ከመቀበያው የሚደርሰው በምን ጥበብ ነው? የዚህን ጥያቄ መልስ ለማወቅ የአንድ ሰው ሕይወት መመርመር ይገባል። መቀበያውን የሚያሰናዳው ባለሙያ የዚህን ሰው ስም ላያውቀው ይችላል። ይሁን እንጂ እጁ ከሚነካቸው ቁልፎች አብዛኞቹ የሰውየውን የሥራ አሻራ የያዙ ናቸው።

ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በአሜሪካ ባቋቋመው ቅርንጫፍ ውስጥ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ እናቱ መምህርት ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ጡንቻን ያለ ፈቃድ የሚያንቀጠቅጥ ጽኑ ሕመም ያዘው። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ቤት ርቆ በቤቱ እንዲማር ግድ ሆነ። ከሕመሙ ቢድንም፣ ልቡ በታወከ ጊዜ ሁሉ ፊቱና ትከሻው የመርገብገብ ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተወውም። ከእኩዮቹ ተለይቶ ያሳለፈው ያ ጊዜ ዝምታን፣ ትዕግሥትንና ብቻውን መሥራትን አስተማረው።

ቤተሰቡ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን በሃድሰን ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዮንከርስ ከተማ ከተዛወረ በኋላ፣ ኤድዊን ከቤቱ ጣራ ሥር ያለችውን ክፍል የሥራ ቦታው አደረጋት። ጣሊያናዊው ማርኮኒ በ1901 የራዲዮ ምልክት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አሻግሮ ማስተላለፉ በዚያ ዘመን የወጣቶችን ሐሳብ የማረከ ታላቅ ወሬ ነበር። ኤድዊንም ስለ ታላላቅ የፈጠራ ሰዎች የተጻፉትን መጻሕፍት አንብቦ፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው የፈጠራ ሰው ለመሆን ቆረጠ። ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ለመስማት ባለው ጉጉት፣ በ1910 በቤታቸው አጠገብ 38 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአንቴና ምሰሶ አቆመ። በገመድ በተንጠለጠለች መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ራሱን ወደ ላይ እየጎተተ፣ የምሰሶውን ጫፍ በገዛ እጁ ያበጅ ነበር። ከፍታ አያስፈራውም ነበር።

በ1909 በኒው ዮርክ ወደሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሊ ደ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በ1906 የሠራው ኦዲዮን የተባለ ቫልቭ በራዲዮ ሰዎች እጅ ገብቶ ነበር። የቫልቩ አሠራር ግን ገና በሚገባ አልታወቀም ነበርና፣ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነበር። አርምስትሮንግ ነገሩን በመላ ምት ከማለፍ ይልቅ፣ በቫልቩ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት በትዕግሥት እየለካ መረመረ። በ1912 ከቫልቩ የሚወጣው ምልክት ከፊሉ ተመልሶ ወደ መግቢያው እንዲገባ ቢደረግ፣ ምልክቱ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተመላለሰ እንደሚጎላ አረጋገጠ። ቀድሞ በጆሮ ላይ በተደረገ ማዳመጫ በጭንቅ ይሰማ የነበረው ምልክት ክፍሉን የሚሞላ ሆነ። ከዚህም በላይ፣ የሚመለሰው ምልክት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ቫልቩ ራሱ ሞገድ ማመንጨት እንደሚጀምር አስተዋለ። ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያ ፊት ሲቀርብ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት የሚፈጠረው በዚሁ በመመላለስ ሕግ ነው። ስለዚህ አንዱ ግኝት ለመቀበያም ለማሰራጫም መሠረት ሆነ።

አባቱ ግን ልጃቸው ትምህርቱን ሳይፈጽም ለፓተንት ማለትም ለፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ የሚሆን ገንዘብ ለመስጠት አልፈለጉም። ወጣቱ ሞተር ብስክሌቱን እስከ መሸጥ ደረሰ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 የመሣሪያውን ንድፍ በወረቀት ላይ አስፍሮ በውል አዋዋይ ፊት አስመሰከረ። የፓተንቱን ማመልከቻ ለመንግሥት ያስገባው ግን ከተመረቀ በኋላ በኦክቶበር 1913 ነበር። ይህች የጥቂት ወራት መዘግየት በኋላ ዘመን ብዙ ዋጋ አስከፈለችው።

በጃንዋሪ 1914 መጨረሻ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በቤልማር በሚገኘው የማርኮኒ ኩባንያ ጣቢያ ውስጥ ብርዱ በጠነከረበት ሌሊት አዲሱ መቀበያ ተፈተነ። ፈተናውን በኩባንያው ስም የተከታተለው ዴቪድ ሳርኖፍ የተባለ ወጣት ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአየርላንድና ከሃዋይ የተላኩ ምልክቶችን ሰሙ። በዚያች ሌሊት የጸና ወዳጅነት መሠረቱ። ሳርኖፍ ከጊዜ በኋላ አርሲኤ የተባለው ታላቅ የራዲዮ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ አርምስትሮንግ በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ ፓሪስ ተላከ። በኋላም ሻለቃ ሆነ። በዚያም በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ዓይነት ሠራ። የችግሩ ምንጭ ይህ ነበር፤ የሞገድ ድግግሞሽ በጣም ሲጨምር የዚያን ጊዜ ቫልቮች ሊያጎሉት አይችሉም ነበር። የአርምስትሮንግም መፍትሔ ሞገዱን እንዳለ ለማጉላት ከመታገል ይልቅ በመቀበያው ውስጥ ሌላ ረዳት ሞገድ ማመንጨትና ሁለቱን ማደባለቅ ሆነ። ሁለቱ ሲደባለቁ በመካከላቸው ካለው ልዩነት ጋር እኩል የሆነ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ይገኛል። ለምሳሌ በ100 ሜጋኸርዝ የሚመጣ ሞገድ በ110.7 ሜጋኸርዝ ከሚመነጭ ረዳት ሞገድ ጋር ሲደባለቅ የ10.7 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይወጣል። ማጉያዎቹና ማጣሪያዎቹ ለዚህች ለአንዷ ድግግሞሽ ብቻ በጥንቃቄ ይሠራሉ። ሰሚው ጣቢያ ሲቀይር የሚለወጠው ረዳቱ ሞገድ ነው፤ የቀረው የመሣሪያው ክፍል ባለበት ይጸናል። በዚያው ጊዜ ገደማ በፈረንሳይና በጀርመን ሌሎች ሊቃውንት ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሰው ነበር። ቢሆንም በተግባር የሚሠራ መቀበያ በማበጀት የአርምስትሮንግ ድርሻ ከፍተኛ ነው። ፈረንሳይም የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሸለመችው።

ከጦርነቱ በኋላ ሀብትና ዝና ተከታትለው መጡ። በ1922 ሌላ የመቀበያ ፈጠራ ለአርሲኤ ሸጦ ከገንዘብ በተጨማሪ ብዙ አክሲዮን ስላገኘ፣ ከኩባንያው ግለሰብ ባለአክሲዮኖች ሁሉ የበለጠ ድርሻ ያለው ሰው ሆነ። በ1923 የሳርኖፍ ጸሐፊ የነበረችውን ማሪዮን ማኪኒስን አገባ። ለሠርጓም ስጦታ በእጅ የሚንጠለጠል የሱፐርሄትሮዳይን ራዲዮ ሠራላት። ከዚያም ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ኮሎምቢያ ተመልሶ ምርምሩን ቀጠለ። በኋላ ፕሮፌሰር በሆነ ጊዜ የወሰደው ደመወዝ በዓመት አንድ ዶላር ብቻ ነበር።

ሆኖም ይህ የደስታ ዘመን ያለ ጭንቀት አላለፈም። ደ ፎረስት የመመላለሱን ግኝት ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ስለ ነበር፣ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት እየተዛወረ ብዙ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻም በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለደ ፎረስት ፈረደ። አያሌ መሐንዲሶች ዳኞቹ የነገሩን ሳይንሳዊ ምሥጢር አልተረዱትም ብለው አዘኑ። አርምስትሮንግ የራዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ለዚሁ ግኝት በ1917 የሰጠውን የክብር ሜዳሊያ ሊመልስ በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ተገኘ። ማኅበሩ ግን ሜዳሊያውን አልቀበልም ብሎ ክብሩን በአደባባይ አጸናለት። ፍርድ ቤት የነፈገውን የሙያ ባልደረቦቹ ሰጡት።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል አርምስትሮንግ ሌላ ታላቅ ችግር ይዞ ነበር። በዚያን ዘመን ራዲዮ የሚሰማ ሰው መብረቅ ሲብለጨለጭ ወይም በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሣ፣ ንግግሩንም ዜማውንም የሚውጥ የሚንጣጣና የሚንሿሿ ድምፅ ይሰማ ነበር። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። ኤ ኤም በተባለው የስርጭት ዘዴ ድምፅ የሚተላለፈው የሞገዱን ከፍታ በመጨመርና በመቀነስ ነው። መብረቅም የሞገዱን ከፍታ ስለሚያናውጥ፣ መቀበያው የሰውን ድምፅ ከመብረቁ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሳርኖፍ ራሱ ይህን ረብሻ የሚያስወግድ አንድ ነገር እንዲገኝ ይመኝ ነበር።

አርምስትሮንግ የሞገዱ ከፍታ ሳይለወጥ፣ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ማለትም ድግግሞሹ እንዲለዋወጥ አደረገ። ይህ ዘዴ ኤፍ ኤም ይባላል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ ከበሮ የሚመታ ሰው መልእክቱን በምቱ ኃይል ሳይሆን በምቱ ፍጥነት ያስተላልፋል እንበል። በመካከል ነጎድጓድ ቢያጉረመርም የምቱ ድምፅ ይረበሻል፤ የምቱ ፍጥነት ግን አይለወጥም። እንደዚሁም የኤፍ ኤም መቀበያ በሞገዱ ከፍታ ላይ የተጨመረውን ረብሻ ቆርጦ ይጥልና ፍጥነቱን ብቻ ያነባል። ዘዴው ቀድሞም ታስቦ ነበር። ነገር ግን በ1922 የታወቀ የሒሳብ ሊቅ በጽሑፍ ካወጣው ስሌት የተነሣ ብዙዎች ጥቅም የለሽ ነው ብለው ትተውት ነበር። ስሌቱ የተመሠረተው ሞገዱ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ጠባብ እንዲሆን በማሰብ ነበር። አርምስትሮንግ ስፍራውን በብዙ እጥፍ አሰፋው። በአሜሪካ የኤ ኤም ጣቢያ 10 ኪሎኸርዝ ሲሰጠው፣ ለኤፍ ኤም ጣቢያ 200 ኪሎኸርዝ የተመደበው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 1933 የፈጠራው ፓተንቶች ተሰጡት።

በ1934 ሳርኖፍ በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ የሚገኘውን የአርሲኤ ማሰራጫ ስፍራ ፈቀደለት። ከዚያ የተላከው ድምፅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሎንግ አይላንድ በተተከለ መቀበያ ነጎድጓድ እያጓራ ሳይቀር በጥራት ተሰማ። ኖቬምበር 5 ቀን 1935 ደግሞ በኒው ዮርክ በተሰበሰቡ መሐንዲሶች ፊት አዲሱን ዘዴ ገለጠ። ማሰራጫው በዮንከርስ በአንድ ወዳጁ ቤት ውስጥ ነበር። በዚያ በብርጭቆ ውሃ ሲቀዳ፣ ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ በጉባኤው አዳራሽ እንደ ተፈጥሮው ደረሰ። ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ጥራት በራዲዮ የሰማ አልነበረም።

መሐንዲሶቹ ቢደነቁም ነገሩ በዚያ አላበቃም። አርሲኤ ብዙ ሀብት ያፈሰሰው በኤ ኤም ስርጭትና በመወለድ ላይ በነበረው ቴሌቪዥን ላይ ስለ ነበር፣ በ1935 አርምስትሮንግ ዕቃውን ከሕንፃው እንዲያነሣ ተጠየቀ። የሃያ ዓመት ወዳጅነት መሻከር ጀመረ። አርምስትሮንግ ግን በገዛ ገንዘቡ በኒው ጀርሲ በአልፓይን 120 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማማ አቁሞ የራሱን የኤፍ ኤም ጣቢያ ከፈተ። በ1940 አርሲኤ ፈጠራውን ለመጠቀም አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ልክፈል ቢለው፣ ሌሎች ኩባንያዎች በሚሸጡት መሣሪያ ልክ እየከፈሉ አንዱን ለይቼ አልፈታም ብሎ እምቢ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአገሩ ሠራዊት ፈጠራዎቹን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በ1945 የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን የኤፍ ኤምን መደብ ከነበረበት አንሥቶ ወደ ላይ ስላዛወረው፣ በሕዝብ እጅ የነበሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። የአልፓይን ጣቢያም ሥራውን እንደገና ለመጀመር ተገደደ።

በ1948 አርምስትሮንግ አርሲኤን በፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1950 ዋና ዋናዎቹ ፓተንቶች ጊዜያቸው አለፈና ገቢው ደረቀ፤ የጠበቆች ክፍያ ግን አላቆመም። ተፈጥሮን ለመመርመር የጠቀመው ያ የማይበገር ጽናት በሰዎች ፊት መመለሻ የሌለው መንገድ ሆነበት። በ1953 መጨረሻ፣ ክርክሩን እንዲጨርስ በምትለምነው በባለቤቱና በእርሱ መካከል ጥል ተነሣ፤ እርስዋም ከቤት ወጣች። ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት፣ በቤልማር ከሳርኖፍ ጋር ከተቀመጠ ልክ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ ለባለቤቱ የጸጸት ደብዳቤ ትቶ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 63 ዓመት ነበር።

ማሪዮን ባለቤትዋ የጀመረውን ክርክር አላቋረጠችም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአርሲኤ ጋር አንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ክፍያ ታረቀች። ሌሎቹን ኩባንያዎች ግን አንድ በአንድ ተከራክራ እስከ 1967 ድረስ ረታቻቸው። የኤፍ ኤም ፈጣሪ አርምስትሮንግ መሆኑ በሕግ የጸናው እንግዲህ እርሱ ካለፈ በኋላ ነው። በ1978 በአሜሪካ የኤፍ ኤም አድማጮች ቁጥር ከኤ ኤም አድማጮች በለጠ።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። ስብሰባው ሳይጀመር ባለሙያው መቀበያውን ማሰናዳት አለበት። በመጀመሪያ ሣጥኑን ተናጋሪው በሚንቀሳቀስበት ስፍራ ፊት ለፊት፣ ግድግዳ ወይም ብረት በማይጋርደው፣ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ቦታ ያኖራል። ሁለቱን አንቴናዎች ግራና ቀኝ አዘንብሎ እንደ ተከፈተ መቀስ ያደርጋቸዋል። የራዲዮ ሞገድ ከግድግዳና ከጣራ እየነጠረ ስለሚመለስ፣ በቀጥታ የመጣውና ነጥሮ የመጣው ሞገድ በአንዳንድ ስፍራ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። አንደኛው አንቴና እንዲህ ባለ ስፍራ ሲወድቅ ሌላው የተሻለ ሞገድ ያገኛል፤ መቀበያውም የተሻለውን ይመርጣል። ይህ የአርምስትሮንግ ፈጠራ አይደለም፤ ከሚከተሉት መካከል ግን ከእርሱ የተወረሱ አሉ።

ባለሙያው ማይክሮፎኑን ሳይከፍት መቀበያውን ይከፍታል። ማይክሮፎኑ ተዘግቶ ሳለ የሞገድ ጠቋሚው መብራት ቢበራ፣ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ሌላ ማሰራጫ አለ ማለት ነውና ለዚህ ሥራ በአገሩ ሕግ ከተፈቀዱት መካከል ሌላ ጸጥ ያለ ድግግሞሽ ይፈልጋል። መምረጫውን ሲነካ በሣጥኑ ውስጥ የሚለወጠው በፓሪስ የታሰበው ረዳት ሞገድ ነው። ቀጥሎ አዲስ ባትሪ የገባበትን ማይክሮፎን በዚያው ድግግሞሽ ያስተካክላል። የድምፁን መጠን ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል፤ ማይክሮፎኑንም ይዞ በአዳራሹ ዳር ሁሉ እየተራመደ ይፈትሻል። የኤፍ ኤም መቀበያ በአንድ ድግግሞሽ ከመጡት ሁለት ሞገዶች ብርቱውን ስለሚከተልና ሁለቱ በኃይል ሲቀራረቡ ስለሚታወክ፣ ሁለት ማይክሮፎኖች በአንድ ድግግሞሽ ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይከፈቱ ይጠነቀቃል።

በመጨረሻ ስኩዌልች የሚባለውን መቆጣጠሪያ ያስተካክላል። ይህ መቆጣጠሪያ ሞገዱ ከተወሰነ ልክ ሲያንስ ድምፁን የሚዘጋ በር ነው። በሩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ተናጋሪው ጥቂት እንደ ራቀ ድምፁ ይቋረጣል። ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ማይክሮፎኑ በተዘጋ ጊዜ ሿሿታው አዳራሹን ይሞላዋል። ባለሙያ የሚባለው በሩ የት ላይ መክፈት፣ የት ላይ መዝጋት እንዳለበት በጆሮው የሚያውቅ ነው።

ዛሬ ድምፅን በቁጥር መልክ የሚቀበሉ ዲጂታል መቀበያዎች አሉ። በኤፍ ኤም የሚሠሩትም በብዙ አዳራሾች በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ። አርምስትሮንግ የሌላውን ሰው ድምፅ ከጫጫታ ለይቶ ለማሰማት ዕድሜውን ሰጠ፤ የራሱ አቤቱታ ግን በሕይወቱ ሳለ ሰሚ አላገኘም። ከእርሱ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ታላላቅ ሰዎች የማይሆን ነው ያሉትን እንኳ ለክቶና ፈትኖ ከማየት አለመቦዘንን ነው። ሁለተኛው፣ ጽናት የበረታ ያህል ማረፍንና መታረቅን ማወቅም ለሰው ልጅ አስፈላጊ መሆኑን ነው። ተናጋሪው መድረኩ ላይ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ሲከፍትና የመጀመሪያዋ ቃል ጥርት ብላ ስትሰማ፣ በዚያች ቅጽበት የአርምስትሮንግ ድካም ፍሬ በአዳራሹ ውስጥ ይሰማል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የልጅነት ሕመሙ ለአርምስትሮንግ ጠባይ ምን አስተዋጽኦ አደረገ?
2. በሱፐርሄትሮዳይን መቀበያ ውስጥ ረዳቱ ሞገድ የሚያገለግለው ለምንድን ነው?
3. መብረቅ የኤ ኤምን ስርጭት ሲያውክ የኤፍ ኤምን እምብዛም የማያውከው ለምንድን ነው?
4. የመሐንዲሶች ማኅበር ሜዳሊያውን አለመቀበሉ ምን ያመለክታል?
5. ጽናት ለአርምስትሮንግ የጠቀመበትንና የጎዳበትን ሁኔታ ለዩ።

ለ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ትርጉም ከገለጻችሁ በኋላ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡአቸው።
አሻራ፣ ግድ ሆነ፣ መላ ምት፣ አስመሰከረ፣ መሻከር፣ የማይበገር፣ ገቢው ደረቀ።

ሐ. የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው አያያዥ አንድ አድርጓቸው።
1. ፍርድ ቤቱ ለደ ፎረስት ፈረደ። መሐንዲሶቹ የአርምስትሮንግን ክብር አጸኑ። (ቢሆንም)
2. ሞገዱ ከግድግዳ እየነጠረ ይመለሳል። መቀበያው ሁለት አንቴናዎች ያስፈልጉታል። (ስለ)
3. ባለሙያው ጸጥ ያለ ድግግሞሽ መረጠ። ማይክሮፎኑን ከፈተ። (በኋላ)

መ. በምታውቁት መሣሪያ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ፣ ቅደም ተከተሉን የጠበቀና ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የመሣሪያውን ጥቅም፣ በሁለተኛው አሠራሩን ደረጃ በደረጃ፣ በሦስተኛው ሊደረግለት የሚገባውን ጥንቃቄ ግለጹ።